የሌለ ተራራም ትውልዱ ይቆጠራል

ይድረስ ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፤
አዲስ አበባ

ባለፈው ሰሞን በአንባቢያን ገጻችሁ ላይ አንድ አባት፣ ልጆቻቸው ሌሊቱን በኮምፒውተር ጌም ተጠምደው በሌለ አገር፣ በሌለ ተራራ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ እንደሚያድሩ ገልጸው ያቀረቡትን አቤቱታ አነበብሁ። የአባትነት ጭንቀታቸውን እጋራለሁ፤ በእንቅልፉ ጉዳይም የምከራከራቸው ነገር የለኝም። ተራራውን ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልሁም። ዕድሜዬን የጨረስሁት ተራራን በወረቀት ላይ በማስቀመጥ ሥራ ነውና፣ የልጆቹ ተራራ ትልቁ ጉድለት በእውን አለመኖሩ ሳይሆን ከየት እንደመጣ አለመታወቁ ይመስለኛል። ይህን ለማስረዳት ጥቂት ቦታ እንድትፈቅዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በካርታ ነዳፊነት 27 ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራችን ከአውሮፕላን ላይ ከተነሡ ፎቶግራፎች የ1:50,000 ካርታ ማዘጋጀት ሲሆን፣ የእኔ ድርሻ ኮንቱር የሚባሉትን ቡናማ የከፍታ መስመሮች፣ ቀለም በተቀባ ፕላስቲክ ላይ በቀጭን መርፌ እየፋቁ ማውጣት ነበር። በእኔ እጅ ባለፉት ሉሆች ላይ አንዱ መስመር ከሚቀጥለው በ20 ሜትር ከፍታ ይለያል፤ መስመሮቹ ከተራራቁ ሜዳ፣ ከተጠጋጉ ዳገት፣ ተደራርበው አንድ ከሆኑ ደግሞ ገደል ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንዲት ጅረት ሸንተረር ተሻግራ እንድትሄድ አድርጌ ፍቄ አስረከብሁና፣ የክፍሉ ኃላፊ ሉሁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ፣ «ወንዝሽ ዳገት ወጣ፤ ማን ገፋልሽ?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የማንኛውንም አገር ካርታ፣ የእውነትም ይሁን የተረት፣ ስመለከት ዓይኔ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወንዙና ወደ ተራራው ነው።

የልጄ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆነው የራሳቸውን ጌም እየሠሩ ነው፤ ዘንዶ፣ አስማተኛ፣ የጠፋ መንግሥትና የመሳሰለው ሁሉ ያለበት የተረት ዓለም ነው። አራት ኪሎ በሚገኘው ቤታችን፣ አንድ ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ ሳለ፣ የዚህን ዓለም ካርታ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሞ አመጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ እንዳይጠቀለልም አራቱን ማዕዘን በስኒ አስያዘው። በአህጉሩ መካከል ከሰሜን እስከ ደቡብ፣ እንደ ሚዶ ጥርስ የተደረደረ የተራራ ሰንሰለት ቆሟል። ከመካከላቸው አንዱ 30 ኪሎ ሜትር ከፍታ እንዳለው በትንሽ ጽሑፍ ተጠቅሷል። ከግርጌው ካለ ሐይቅ ሁለት ወንዞች ወጥተው አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ይፈስሳሉ።

«ይህ ተራራ ከየት መጣ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እማማ፣ ጌም እኮ ነው።»

«ጌም መሆኑን አየሁ፤ ተራራው ከየት መጣ ነው የምልህ።»

ጥቂት አስቦ፣ በጥንት ዘመን አንድ ግዙፍ ከሰማይ ወድቆ እንደሞተና ተራሮቹ የጀርባው አጥንት እንደሆኑ ነገረኝ። ይህን አልናቅሁበትም። ራሱ በየትኛው በኩል እንደሆነ፣ ሲወድቅ ከሥሩ ያለው መሬት ለምን እንዳልጎደጎደ፣ በጎደጎደው ላይ ውሃ ለምን እንዳልተኛ፣ የጎድን አጥንቶቹስ ወዴት እንደሄዱ ግን ጠየቅሁት። ካርታው ላይ ያለው ተራራ የወደቀ ግዙፍ አይመስልም፤ ሁለት መንግሥታት እንዳይገናኙ ተብሎ የተሠራ የግቢ አጥር እንጂ። እውነቱም ያ ነበር፤ ሁለት መንግሥታትን ለመለየት ሲል እንዳቆመው እየሣቀ አመነልኝ።

እንዲህ ያለ በመስመር የቆመ የተራራ ሰንሰለት በእውነተኛው ዓለም የሚገኝበት ምክንያት አለው። የምድር ቅርፊት ፕሌት ተብለው በሚጠሩ ታላላቅ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ ክፍሎቹም በዓመት በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ጉዞ ይጓዛሉ። የህንድ ምድር ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእስያ ጋር መጋጨት ጀመረ፤ እስከ ዛሬም መግፋቱን አልተወም። በመካከሉ የነበረው የባሕር ወለል እንደ ተገፋ ምንጣፍ ተጨማድዶ ወደ ላይ ተነሣና ሂማልያ ሆነ። በዓለም ከፍተኛ በሆነው በኤቨረስት ጫፍ፣ በ8,848 ሜትር ላይ፣ የባሕር ፍጥረታት ቅሪት ያለበት የኖራ ድንጋይ የሚገኘውም ለዚህ ነው። ተራራና ተራራ አይገናኝም፣ ሰውና ሰው ይገናኛል እያሉ ያሳደጉን ወላጆቻችን ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም። የደቡብ አሜሪካው የአንዲስ ሰንሰለት ደግሞ የውቅያኖሱ ወለል ከአህጉሩ ሥር እየገባ በመሄዱ የተነሣ ነው፤ ስለዚህ ከባሕሩ ዳር ሳይርቅ ዳርቻውን ተከትሎ ይሄዳል፣ እሳተ ገሞራም ይበዛበታል። በአጭሩ እንዲህ ያለ ሰንሰለት ፊትና ጀርባ አለው፤ የገፋውን ወገን ያሳያል፤ ከፊት ለፊቱም፣ እንደ ህንዱ የጋንጀስ ወንዝ ሜዳ፣ ከራሱ ላይ ተሸርሽሮ የወረደው ደለል የሞላው ዝቅተኛ ምድር ይኖረዋል። የልጅ ልጄ ሰንሰለት ግን አህጉሩን መካከል ለመካከል ሰንጥቆ ሲያበቃ፣ በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ለምለም ሜዳ ነበረው። ማን ማንን እንደገፋ አይታወቅም።

ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ለጨዋታ የሚነደፉት የተረት ካርታዎች፣ ብዙውን ጊዜ ተራራን በተደረደረ ጥርስ መልክ ያሳያሉ፤ ልጆቻችንም ያንን አይተው አደጉ። በኮምፒውተር የሚፈጠሩት ተራሮች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። ኬን ፐርሊን የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 የፈጠረው፣ በስሙም ፐርሊን ኖይዝ እየተባለ የሚጠራው ስሌት አለ፤ ማይንክራፍትን የመሳሰሉ ጌሞች ወጣ ገባ መሬታቸውን የሚያገኙት ከእንዲህ ያለ ስሌት ነው። ስሌቱ ድንቅ ነው፤ በጥቂት መስመር ትእዛዝ ማለቂያ የሌለው አገር ያወጣል። ሆኖም ሌላ ነገር ካልታከለበት የሚያወጣው መሬት የእንጀራ ዓይን ይመስላል። እዚህም እዚያም እኩል የተበተነ፣ አቅጣጫ የሌለው፣ የትኛው ቀድሞ የትኛው ኋላ እንደመጣ የማይለይ ነው። ለእንጀራ ይህ ምስጋና ነው፤ ለአገር ግን አይሆንም። ይህን ጉድለት ለማረም የሚደክሙም አሉ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ድዋርፍ ፎርትረስ የተባለው ጌም፣ ተጫዋቹ ከመግባቱ በፊት ዝናቡን አዝንቦ፣ ወንዞቹ ተራራውን እንዲሸረሽሩ አድርጎ፣ በላዩም የሕዝቦችን ታሪክ አሳልፎ ነው ዓለሙን የሚያስረክበው።

የልጅ ልጄ መሬቱን የሚሠራበትን መንገድ ሲያሳየኝ፣ ያልጠበቅሁት የሥራ ባልደረባ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። የሚጀምረው ሃይትማፕ ከሚባል ጥቁርና ነጭ ሥዕል ነው፤ ጥቁሩ ዝቅተኛ፣ ነጩ ከፍተኛ ቦታ ሆኖ ግራጫው በመካከል ይገኛል። ሥዕሉ 256 የግራጫ ደረጃዎች ብቻ ካሉት፣ የራስ ዳሽንን ያህል ተራራ ሲሠራበት እያንዳንዱ ደረጃ 18 ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ ተራራው እንደ ኮንሶ እርከን ደረጃ በደረጃ ሆኖ ይወጣል። የእኔን የ20 ሜትር መስመር ልጁ ሳያውቀው ደረሰበት ማለት ነው። ደረጃውን ወደ 65,536 ሲያሳድገው ግን አንዱ እርምጃ ከ7 ሴንቲ ሜትር አይበልጥምና እርከኑ ይጠፋል። የማይጠፋው ችግር ገደሉ ነው። በሥዕሉ ላይ አንድ ነጥብ አንድ ከፍታ ብቻ ስለሚይዝ፣ ቀጥ ያለ ገደል ሲሠራ የአለቱ ቀለም እንደተጎተተ ነጠላ ይለጠጣል፤ ወደ ውስጥ የገባ ዋሻማ ገደልማ ጨርሶ አይቻልም። እኛም በዘመናችን ገደል ላይ ስንደርስ መስመሩን ትተን የገደል ምልክት እናደርግ ነበር። ሁለታችንም እዚያው ቦታ ላይ መሸነፋችን ያስገርማል።

የገደል ነገር ከተነሣ ደግሞ ወደ አገራችን ተራሮች መምጣት ግድ ነው፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። የእኛ ተራሮች አብዛኞቹ ተገፍተውና ተጨማድደው የተነሡ አይደሉም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድሪቱ በረጃጅም ስንጥቆች ተከፍታ ቅልጥ አለት እንደ ውሃ እየፈሰሰ አገሩን አለበሰው። አንዱ ፈስሶ ሲረጋ ሌላው እየተደረበበት፣ አብዛኛው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ተጠናቅቆ፣ ንብርብሩ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይወፍራል። በዚያ ንብርብር ላይ እንደ ስሜን፣ እንደ ጮቄና እንደ ጉና ያሉ ሰፋፊ እሳተ ገሞራዎች ተነሡ። ምድሩም ከሥር ባለው ሙቀት ከፍ እያለ ሲሄድ ወንዞቹ ቁልቁለት አገኙና መቁረጥ ጀመሩ። ዛሬ ተራራ የምንለው፣ ወንዞቹ ቆርጠው ሲጨርሱ የተረፈውን ነው።

ይህን በዓይኑ ለማየት የሚፈልግ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ ይሂድ። ከላይ ጥቁሩ ባሳልት አለ፤ ጥቂት ሲወረድ የጥንት ባሕር ትቶት የሄደው የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ከዚያ ጂፕሰሙና ሸክላ መሰሉ ንብርብር፣ ከሥር ደግሞ ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ይታያል። ቁልቁለቱ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡሱ በፍሬን እየተንፋቀቀ ሲወርድ፣ ተሳፋሪው ሹራቡን እያወለቀ በመስኮቱ የሚያየው እያንዳንዱ የአለት ቀለም አንድ ዘመን ነው። ወዲያ ማዶ ደጀን ላይ ሲወጣ ያው ንብርብር በተገላቢጦሽ ይመለሳል፤ ሁለቱ ወገኖች ቀድሞ አንድ ምድር እንደነበሩ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

አምባ የምንለውም የዚሁ ቁራጭ ነው። ጠንካራው ንብርብር ከላይ እንደ ክዳን ሆኖ ሲቀመጥ፣ ዙሪያው ተበልቶ ሲሄድ፣ አናቱ ሜዳ፣ ጎኑ ገደል የሆነ ምድር ብቻውን ይቀራል። አምባን በኮንቱር መንደፍ ለእኔ የተለየ ደስታ ነበረው፤ ከሥር ለስለስ ብሎ የሚወጣው ዳገት በድንገት አምስት ስድስት መስመሮች ተደራርበው አንድ ወፍራም ቡናማ ቀለበት ይሆንና፣ ከቀለበቱ ውስጥ ባዶ ነጭ ወረቀት ይቀራል፤ ሜዳው ያ ነው። የዓድዋ ተራሮች ደግሞ ሌላ ዓይነት ትራፊ ናቸው፤ በእሳተ ገሞራ ጉሮሮ ውስጥ ረግቶ የጠነከረው አለት፣ ልብሱ ተሸርሽሮ ካለቀ በኋላ ብቻውን ቆሞ የቀረ ነው። እንዲህ ያለ ተራራ በተረት ካርታ ላይ እምብዛም አላየሁም፤ ለተረት ግን ከእሱ የተሻለ ከየት ይገኛል?

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ፎቆቹ በተዉልን ክፍተት ከእኛ ሰገነት ላይ አራቱንም አቅጣጫ ማየት ይቻላል። በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በምሥራቅ በኩል የረር፤ ሁሉም የእሳተ ገሞራ ልጆች ናቸው፤ እኩዮች ግን አይደሉም። እንጦጦ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ የሌሎቹ ዕድሜ የእሱን ሩብ አይሞላም። እቴጌ ጣይቱን ስቦ ለአዲስ አበባ መቆርቆር ምክንያት የሆነው የፍልውሃ ሙቀትም፣ ውሃ በመሬት ስንጥቅ ወደ ጥልቅ ወርዶ እየሞቀ የሚመለስበት ሥራ ነው። ይህች ከተማ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው በተራራ አፈጣጠር ታሪክ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የልጅ ልጄ ግን ይህን ሁሉ እያየ አድጎ፣ ተራራ ንደፍ ሲባል የአውሮፓን የአልፕስ ሰንሰለት ነደፈ።

ነገሩ የመልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልደክምበትም ነበር። ተራራው የተወለደበት መንገድ በላዩ የሚኖረውን ሰው ኑሮ ይወስናል። በአልፕስና በሂማልያ አገር ሰው ሸለቆው ውስጥ ይሰፍራል፤ የሚያስፈራውና የሚያግደው ተራራው ነው፤ ስለዚህ መንገደኛው የሚጠይቀው የት ጋ በር እንዳለ ነው። በእኛ ደጋ ይህ ተገልብጧል። ሰዉ፣ ከብቱ፣ ገብሱ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ገበያው ያለው ላይ ነው፤ የሚያግደው ሸለቆው ነው። ጎጃምንና ሸዋን የለየ ተራራ የለም፤ የለያቸው የዓባይ በረሃ ነው። የድሮ ነጋዴ የሚፈራው መውጣቱን ሳይሆን መውረዱን፣ ንዳዱንና አዞውን ነበር። በአንድ ቀን ቁልቁለት ከደጋ ወይና ደጋ፣ ከወይና ደጋ ቆላ ይገባል፤ ማሽላ ያየበት ዓይን በማግስቱ ማዶ ሲወጣ እንደገና ገብስ ያያል። ጌም ሠሪ ይህን ቢያውቅበት፣ ሁለት መንግሥታት ተያይተው፣ ጭስ ለጭስ ተጠባብቀው፣ ለመድረስ ግን ቀናት የሚፈጅባቸው አገር መሥራት ይችላል። አጥር አያስፈልገውም። አምባም እንዲሁ ነው፤ ግሸን ላይ የነገሥታት ልጆች ይጠበቁ የነበረው ሰው ግድግዳ ስለሠራ አይደለም፤ አናቱ ላይ ይኖራሉ፣ መውጫው ግን ጠባብ ነው። አምባን የሚከብብ ሠራዊት መሰላል ከማዘጋጀቱ በፊት የውሃው ምንጭ ከአናቱ ነው ወይስ ከታች ነው ብሎ ይጠይቃል።

ዝናቡም ከዚህ አይለይም። የክረምቱ ደመና ወደ ደጋው ሲወጣ ይበርድና ያራግፋል፤ ገደሉን ተሻግሮ ወደ አፋር ሲወርድ የቀረው ጥቂት ነው። ስለዚህ ከአንድ ተራራ በስተግራና በስተቀኝ አንድ ዓይነት ለምለም መስክ መንደፍ ስሕተት ነው። ወንዝ ሁሉ ባሕር መድረስ አለበት የሚለውም እንዲሁ፤ የእኛው አዋሽ ከግንጪ አካባቢ ተነሥቶ፣ ስምጥ ሸለቆውን ተከትሎ ሄዶ፣ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። የልጅ ልጄ ይህን ስነግረው፣ በጌሙ ውስጥ ወንዙን ተከትሎ ባሕር ፍለጋ የሚሄድ ተጓዥ ጨው ላይ ሲደርስ የሚገጥመውን ተስፋ መቁረጥ ወዲያውኑ በማስታወሻው መዘገበ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ እንደገባው ያወቅሁት። ከአንድ ሐይቅ በሁለት አቅጣጫ የሚወጡትን ወንዞች ግን ለማስተው ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ውሃ ሁልጊዜ ዝቅ ያለውን አንዱን በር መርጦ፣ በሄደ ቁጥር እያጎደጎደው፣ ሌላውን በደረቅ ይተወዋል።

ስለ 30 ኪሎ ሜትሩ ተራራም ተነጋግረናል። አለት የራሱን ክብደት የሚሸከመው እስከ ልኩ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲቆለል ሥሩ ይለሰልሳል፣ ቅርፊቱም ወደ ታች ይሰምጣል። በሃዋይ የሚገኘው ማውና ኬያ ከባሕር ወለል ላይ ካለው መሠረቱ ሲለካ ከ10,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከክብደቱም የተነሣ የባሕሩን ወለል ከሥሩ አጉብጦታል። በማርስ ላይ ያለው ኦሊምፐስ ሞንስ ግን 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ የማርስ ስበት ከምድር ስበት ከሲሶ ብዙም አይበልጥም፣ ቅርፊቷም እንደ ምድር ስለማይንቀሳቀስ እሳተ ገሞራው በአንድ ቦታ ሲቆልል ኖረ። እንግዲያስ 30 ኪሎ ሜትር የሚፈልግ ስበቱን ይቀንስ፤ ስበቱን ሲቀንስ ግን ፍላጻው ርቆ ይሄዳል፣ ፈረሱ አጥር ይዘልላል፣ ከገደል የወደቀውም ላይሞት ይችላል። ይህን ስለው ጓደኞቹ ጋ ደውሎ ረዘም ላለ ጊዜ ተነጋገሩ፤ በመጨረሻም ተራራው ወደ 6,000 ሜትር ወረደ።

ተራራ ተሠርቶ ያለቀ ነገር እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰንጥቆ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተለያይቷል። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው መንቀጥቀጥ እዚህ አራት ኪሎ ፎቅ ላይ ያለነውን ከአልጋ አስነሥቶናል፤ የእኔ የቡና ስኒዎች በረከቦቱ ላይ እርስ በርሳቸው ሲንኳኩ ሰምቼ ሌባ ሰብሮ የሚገባ መስሎኝ ነበር። በተረት ዓለም ውስጥ ተራራው ሺህ ዓመት ሙሉ ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ አንባቢም ተጫዋችም ይታዘባል።

አንዳንዶች፣ ለተረት ዓለም ይህን ሁሉ የአለት ሳይንስ መሸከም ለምን አስፈለገ ይሉ ይሆናል፤ አምላክ ወይም አስማተኛ ፈጠረው ማለት ይበቃል ይላሉ። ይበቃል፣ ነገር ግን የአባቶቻችንን ትውፊት ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ ተረቱ ራሱ የመሬቱን ቅርጽ አክባሪ ነው። ደብረ ዳሞ ዙሪያው ገደል ነው፤ ስለዚህ በትውፊቱ አቡነ አረጋዊን ዘንዶ ጅራቱን ሰድዶ ወደ ላይ አወጣቸው ይባላል፤ ዛሬም መነኮሳቱ 15 ሜትር ያህል የሚሆነውን ገደል የሚወጡት በገመድ ነው። እኔ ሴት በመሆኔ ከግርጌው አልፌ አላውቅም፤ ከታች ሆኜ ገመዱን ሳይ ግን ዘንዶው ለዚያ ገደል ልክ ተደርጎ የተሠራ ያህል ተሰማኝ። ገደሉ ባይኖር ዘንዶው አያስፈልግም ነበር። ዝቋላም አናቱ ላይ ሐይቅ ስላለው ነው ስለ ውሃው ያ ሁሉ ታሪክ የሚነገረው። ተራኪው ተራራውን አይቶ ተናገረ እንጂ፣ ታሪኩን ተናግሮ ሲያበቃ ተራራውን እንደ አጥር አልተከለም።

ስለዚህ ለተከበሩት አቤት ባይ አባት የማቀርበው ልመና አንድ ነው። ልጆቹ በሌሊት የሚወጡት ተራራ ማን እንደሠራው፣ ከምን እንደተሠራ፣ ውሃው ወዴት እንደሚወርድ ይጠይቋቸው። ምናልባት መልስ ያጡና ቶሎ ይተኛሉ።

የእኛው ካርታ አሁን በአዲስ ተጀምሯል። የልጅ ልጄ በዚህ ጊዜ ተራራ አላስቀመጠም፤ በመጀመሪያ ከፍ ያለ ደልዳላ ምድር ዘረጋ፣ ከዚያም በስሌት የተሠሩ የዝናብ ጠብታዎችን ለቀቀበት። እያንዳንዷ ጠብታ ቁልቁለት እየፈለገች፣ ከሄደችበት ጥቂት አፈር አንሥታ ከቆመችበት እያራገፈች፣ ላፕቶፑ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ አደረ። ጧት ቁርስ ሳይቀርብ ጠርቶ አሳየኝ፤ ሸለቆዎቹ ተቆርጠው፣ በመካከላቸው ሦስት አምባዎች ቀርተው ነበር። ግዙፉም ታሪኩን አላጣም። አሁን የወደቀው ግዙፍ አጥንት መሆኑ ቀርቶ፣ ምድሪቱን በጥፍሩ የቧጠጠ ሆኗል፤ ሸለቆዎቹ የጥፍሩ ምልክት ናቸው፣ አምባዎቹም ጥፍሩ ያልደረሰባቸው።

አንድ ነገር ብቻ አልተስማማንም። በሰሜን በኩል አንድ ወንዝ ሸንተረር ወጥቶ ወደ ማዶ ይሻገራል። ሳየው የድሮው ኃላፊዬ ድምፅ በጆሮዬ መጣብኝና፣ ማን ገፋልህ አልሁት። ሳያመነታ፣ አንድ ዘንዶ በየዓመቱ ከባሕር ሲመለስ ውሃውን በጅራቱ እየጎተተ ያሻግረዋል አለኝ። እንዲህ ከሆነ የዘንዶው መሄጃ ሸንተረሩን መሰርጎድ እንዳለበት፣ ስፋቱና ጥልቀቱም መታወቅ እንዳለበት ነገርሁትና ዘንዶውን ለመመዘን ወደ ክፍሉ ገባ። መልሱን ይዞ እስኪወጣ ድረስ ያንን ቦታ በእርሳስ ብቻ ነድፌ ትቼዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ ካርታ ነዳፊ፣ ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ